ሐሙስ ኢንተርቪው አለኝ፣ "ራስህን አስተዋውቅ" ሲሉኝ ምን ልበል?

ዜሮ_ዓመት · ሰኞ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ቤቶች። ሐሙስ ጠዋት የባንክ ኢንተርቪው አለኝ። ቦታው ጁኒየር ኦፊሰር ነው፣ በዜሮ ዓመት። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ እንዴት እንዳለፍኩ እኔም አልገባኝም። በ2016 በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄ፣ መውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው አልፌ፣ ከዚያ ወዲህ ቴምፖዬን ፎቶ ኮፒ ሳስደርግ ነው የከረምኩት። እስካሁን ሦስት ኢንተርቪው ገብቻለሁ። የሦስቱም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ "እስቲ ራስህን አስተዋውቀን።" ሦስቱም ላይ እዚያው ነው የሞትኩት።

ባንክ ሪኮንስሌሽን ቢሉኝ አልፈራም። ዴፕሪሲዬሽን ቢሉኝ አልፈራም። ስለራሴ ሲሉኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል፣ አፌ ይደርቃል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውኃ ልጠጣው አልጠጣው እያልኩ ሰዓቱ ያልፋል።

ለዚህኛው ጽሑፍ አዘጋጅቼ በቃሌ እየያዝኩ ነው። ሳትራሩ ንገሩኝ፦

"ስሜ እንትና እንትና እባላለሁ። የተወለድኩት በ1993 ዓ.ም በአርሲ ሲሆን ዕድሜዬ ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቴን በተወለድኩበት ቀበሌ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ደግሞ በአዳማ ተከታትያለሁ። በመቀጠልም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በ3.21 ኩሙሌቲቭ ጂፒኤ ተመርቄያለሁ። ለቤተሰቤ ሦስተኛ ልጅ ነኝ። ታታሪ፣ ቅን፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድና ጫናን መቋቋም የምችል ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ መጽሐፍ ማንበብና እግር ኳስ መመልከት እወዳለሁ።"

እንዴት ነው?

ቡና_ጠጡ · ሰኞ 2:52

ነፍስ ይማር።

ዜሮ_ዓመት · ሰኞ 2:53

ምን ማለትህ ነው?

ቡና_ጠጡ · ሰኞ 2:57

ብሮ አትቀየመኝ፣ ይሄ እኮ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። "ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ" የሚለው ጋ ስደርስ ኮፍያዬን ላወልቅ ነበር። "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ብቻ ነው የቀረህ። ታታሪ፣ ቅን፣ ታማኝ። እሱንም የምንለው ለሟች ነው።

ጅማ_በር · ሰኞ 3:05

ሃሃሃሃ ገደልከኝ። እኔ ግን ባለፈው ቃል በቃል ይሄንን ነው ያልኩት። "ለቤተሰቤ አራተኛ ልጅ ነኝ" ስል አንዱ ፈታኝ "እግዚአብሔር ያሳድግህ" አለኝ።

ጋሽ_ወንበር · ሰኞ 3:48

ልጄ፣ እኔ በሰው ሀብት ክፍል ስሠራ ኖሬ አሁን ጡረታ ነኝ። ስንት ሰው ከፊቴ ተቀምጦ እንደተነሣ ቁጥሩን አላውቀውም። ቡና ጠጡ ቀልዶ ነው እንጂ እውነቱን ነው የነገረህ። ከማዶ የተቀመጠው ሰው ምን ላይ እንዳለ ልንገርህና ራስህ ፍረድ።

አራት ወይም አምስት ሰው ነው የምታገኘው። አንዱ የሚቀጥርህ ክፍል ኃላፊ፣ አንዱ ከሰው ሀብት፣ አንዱ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ አንዱ ለምን እንደመጣ ለራሱም ያልተነገረው። በቀን 20 እና ከዚያ በላይ ሰው እናይ ነበር። ሲቪህ ፊታችን አለ፣ ግን አላነበብነውም። የውሸት አልነግርህም፣ አላነበብነውም። "እስቲ ራስህን አስተዋውቀን" የምንልህ ግማሹ አንተን ለማረጋጋት ነው፣ ግማሹ አንተ ስታወራ ወረቀትህን ገልበጥ ገልበጥ አድርገን የምንጠይቅህን እንድናገኝ ነው።

አሁን የጻፍከውን በዚህ ዓይን እየው። የተወለድክበትን ስትነግረኝ ምን ልጠይቅህ? "አርሲ የት ጋ?" እልሃለሁ፣ ትነግረኛለህ፣ አለቀ። እግር ኳስ ስትለኝ ክለብህን እጠይቅሃለሁ። ያ ለቡና ሰዓት ወሬ ነው። የነጥብ ወረቀቱ ላይ ምኑን ልጻፍልህ?

የምትናገረው እያንዳንዱ ነገር የሚቀጥለውን ጥያቄ ይጠራል። እንደ መንጠቆ ያዘው። ሦስት ነገር ብትናገር ከሦስቱ ባንዱ ነው የምንይዝህ። ስለዚህ ብትያዝ ደስ በሚልህ ነገር ተያዝ። ራስን ማስተዋወቅ ማለት እኔ እስከማውቀው የራስህን ፈተና ራስህ ማውጣት ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ዕድል የምታገኘው ደግሞ በዚህች በአንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ዜሮ_ዓመት · ሰኞ 4:02

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ግን እኮ መንጠቆ የሚሆን ነገር የለኝም። ስሜ ራሱ ዜሮ ዓመት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አልሠራሁም።

ጋሽ_ወንበር · ሰኞ 4:06

ከ2016 ጀምሮ ምን ስትሠራ ቆየህ? ተኝተህ አልከረምክ።

ዜሮ_ዓመት · ሰኞ 4:15

ምንም። አዳማ አክስቴ ጋ ነኝ። የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላት፣ እዚያ እንረዳታለን። ሒሳቡን እንይዝላታለን፣ ማታ ማታ ካሽ ሬጂስተሩን እንዘጋለን፣ ቫቱን እናሳውቃለን እንጂ ቅጥር አይደለም። ደመወዝም የለኝ፣ የኪስ ነው የምትሰጠኝ።

ቡና_ጠጡ · ሰኞ 4:17

"ምንም" አለ እኮ 😂

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ሰኞ 4:40

ከሜሪላንድ ነኝ፣ እዚህ ገና ቀን ነው። አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ "እንረዳታለን፣ እንይዛለን፣ እንዘጋለን፣ እናሳውቃለን" አልክ። እናንተ እነማን ናችሁ? ስንት ሰው ነው ያለው ሱቁ ውስጥ?

ዜሮ_ዓመት · ሰኞ 4:42

እኔ ብቻ ነኝ 😅

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ሰኞ 4:58

አየህ። እኔም እንዳንተው ነበርኩ። አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ማታ ማታ የኔትወርክ ኮርስ ወሰድኩ፣ ከዚያ ለአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሥራ ኢንተርቪው ገባሁ። "ስለራስህ ንገረኝ" አለኝ ሰውየው። አገር ቤት የሠራሁትን ነገርኩት፤ ኬብል ዘረጋን፣ ሰርቨር ተከልን፣ ችግሩን ፈታን። እስክጨርስ ጠበቀና "እሺ፣ አንተስ ምን ሠራህ?" አለኝ። ደነገጥኩ። የሠራሁት እኔ ነኝ! ግን "እኔ ሠራሁ" ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። በእኛ ቤት "እኔ እኔ" የሚል ልጅ በጥፊ ነው የሚመለሰው። እናቴ ብትሰማኝ "ምነው፣ አንተ ብቻ ነህ ጎበዝ?" ነበር የምትለኝ።

ያን ሥራ አላገኘሁም። ቀጣዩ ላይ "እኔ" ማለትን መስታወት ፊት ተለማምጄ ሄድኩ። ያስቃል ግን እውነት ነው።

ሌላው ዓይን ነው። እኛ ታላቅን ቀና ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ወለል ወለሉን ስታይ የምትዋሽ ይመስላቸዋል። ደግሞ በአባት ስም ነው የሚጠሩህ፤ ስሜ ሲጠራ አባቴን የሚጠሩት መስሎኝ ዝም ብዬ ቁጭ ያልኩበት ቀን አለ።

ጋሽ_ወንበር · ሰኞ 5:20

ዓይኑን በተመለከተ እኛ ጋ መሐል መንገድ ይሻላል። አፍጥጠህ እንዳታየን፣ ጠረጴዛውንም እንዳታወራው። የጠየቀህን ሰው እያየህ ጀምር፣ ከዚያ ለሌሎቹም አካፍል። የዘነጋኸው ፈታኝም ነጥብ ይሰጣል። ስትገባ "እንደምን አደራችሁ" በል፣ ተቀመጥ እስክትባል ቁም። ሁሉንም በአንቱታ።

"እኛ" የሚለውን ግን የሜሪላንዱ ወንድማችን ደህና አድርጎ ነግሮሃል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ። መኩራራት ሌላ ነው፣ የሠሩትን መቁጠር ሌላ ነው። "ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ" ካልከኝ እየተኩራራህ ነው። "በየቀኑ ዜድ ሪፖርት (ካሽ ሬጂስተሩ የሚያወጣውን የቀኑን ሽያጭ ድምር) አውጥቼ ከካዝናው ጋር አስታርቃለሁ" ካልከኝ ግን ሥራህን ነው የነገርከኝ፤ ጉብዝናህን እኔው ራሴ እደርስበታለሁ። እንደዚያ ሲሆን ለአንተም አያሳፍርህም።

አሁን ተኛ። ነገ የሱቁን ሥራ በዝርዝር ጽፈህ አምጣ። ቅጽል አታስገባ። የሠራኸውን ብቻ።

ሰው_አለህ · ማክሰኞ ጠዋት 1:10

ይቅርታ ግን ምን ዋጋ አለው ይሄ ሁሉ? ቦታው ተይዞ ነው ማስታወቂያ የሚወጣው። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ። አምስት ጊዜ ገብቼ አምስቴም "እንደውልልሃለን" ነው። ልጁን ባታደክሙት።

ጋሽ_ወንበር · ማክሰኞ 2:30

የለም አልልህም። አለ። ከበላይ ስልክ ተደውሎ ያየሁበት ቀን አለ፣ ዝም ብዬ የፈረምኩበት ቀንም አለ፣ አልኮራበትም። ግን ሁሉም ቦታ የተያዘ አይደለም። አሥር ሰው ሲቀጠር ሁለቱ በስልክ ቢመጡ እንኳ ስምንቱን የምንመርጠው ከፊታችን ከተቀመጠው ነው። ደግሞ በደንብ የተናገረ ልጅ ሲኖር ለስልኩ "አይሆንም" ለማለት ምክንያት ይሆነናል። ነጥቡ ቃለ ጉባኤ ላይ ስለሚቀር።

ሰው_አለህ · ማክሰኞ 2:41

እሺ ጋሼ። ስለ እውነትዎ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አሁንም አላምንም።

ኤንጂኦ_ናፋቂ · ማክሰኞ 3:15

ማንም ያላነሣው አንድ ነገር፣ ዓመተ ምሕረት! እኔ በ2012 ነው የተመረቅኩት፣ በኛ አቆጣጠር። አንድ የውጭ ድርጅት ኢንተርቪው ላይ በእንግሊዝኛ "በ2012 ተመረቅኩ፣ በ2013 ሥራ ጀመርኩ" አልኩ። ፈታኟ ፈረንጅ ነች። የሁለት ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ ቦታ የአሥር ዓመት ሰው መስያት "ለምን እንዲህ ዝቅ ያለ ቦታ ፈለግክ?" አለችኝ። እኔ ደግሞ ጥያቄው አልገባኝም፣ "ትሑት ስለሆንኩ" አልኳት። አሁንም ሌሊት ትዝ ሲለኝ ትራሴን እነክሳለሁ።

በእንግሊዝኛ ካወራችሁ ዓመቱን በፈረንጁ ተናገሩ፣ በአማርኛ ከሆነ "ዓ.ም" በሉ። ሲቪው ላይም አትደባልቁ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው ልዩነቱ፣ ቀላል አይደለም።

ጅማ_በር · ማክሰኞ 3:22

"ትሑት ስለሆንኩ" 😂😂😂

ለመሆኑ በእንግሊዝኛ ከጠየቁስ? እኔ እዚያ ላይ ነው የምወድቀው። "ማይሰልፍ እንትና" ብዬ ጀምሬ ስንት ጊዜ ተሳቀብኝ።

ጋሽ_ወንበር · ማክሰኞ 4:05

በጠየቁህ ቋንቋ መልስ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ሰላም ተባብለን የመጀመሪያውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ እናደርገዋለን፣ ቋንቋህን ለማየት። ረጅም አረፍተ ነገር አትሞክር። "ማይ ኔም ኢዝ" ብለህ አጭር አጭሩን ተናገር። መሐል ላይ ቃል ከጠፋህ "ይህን በአማርኛ ልበለው?" ብትል ማንም አይቆጣህም፣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኝ ነበር። የሚያስጠላው በቃል የተሸመደደው ነው። አንዱን ልጅ መሐል ላይ አቋርጬ አንድ ነገር ብጠይቀው መልሶ ከ"ማይ ኔም ኢዝ" ጀመረልኝ። እንደ ካሴት።

የአንዲት_እናት · ማክሰኞ 5:30

እኔም ልጠይቅ፣ ርዕሱን ካልቀማሁት። አራት ዓመት በአንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፤ ወልጄ ሦስት ዓመት ቤት ቀረሁ። አሁን ልመለስ እያልኩ ነው። ራሴን ሳስተዋውቅ ስለ ልጄ ልናገር? ባለፈው ሳልናገር ቀርቼ "እነዚህን ዓመታት የት ነበርሽ?" ተባልኩና ተንተባተብኩ፤ የደበቅኩ መሰለ። አንዱ ደግሞ ጭራሽ "ሌላ ለመውለድ ታስቢያለሽ?" አለኝ።

ጋሽ_ወንበር · ማክሰኞ 6:10

እኅቴ፣ ያ ሁለተኛው ጥያቄ ነውር ነው። እኔ በነበርኩበት ጉባኤ ቢጠየቅ አስቆመው ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ በጾታ መለየትን ይከለክላል። የወሊድ ፈቃዱንም 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ብሎ ከነደመወዙ ደንግጓል። ለእሱ ጥያቄ መልስ ካስፈለገ "ሥራዬን የሚነካ ነገር የለም" ብለሽ እለፊው፣ ከዚያ በላይ አታብራሪ።

የሦስቱን ዓመት ግን ቀድመሽ ራስሽ ተናገሪው። አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል። "አራት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ልጄን ለማሳደግ ሦስት ዓመት ቤት ነበርኩ፣ አሁን ተመልሻለሁ።" ነጥብ። ይቅርታ የምትጠይቂበት ምንም የለም። ሰው የሚጠረጥረው ያልተነገረውን ነው። ወዲያው ወደ ገንዘብ ያዥነቱ ተመለሺ፣ በቀን ስንት ብር በእጅሽ ያልፍ እንደነበር፣ ጉድለት ገጥሞሽ ያውቅ እንደሆነ። ወሬው እዚያ ላይ ይቆይ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ማክሰኞ ማታ 1:20

እዚህ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ያስፈራቸዋል። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ መለየት ክልክል ነው፤ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ 40 ዓመት የሞላውን ሰው በዕድሜው። እህቴ አዲስ እንደመጣች ራሷን ስታስተዋውቅ "ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ" ብላ ጀመረች፤ ፈታኟ ምን ላድርግ ብላ ተቁነጠነጠች። አገር ቤት ቢሆን ጨዋነት ነው። እዚህ አይወራም፣ በቃ።

ዜሮ_ዓመት · ማክሰኞ ማታ 2:35

እኅቴ፣ ርዕሱን አልቀማሽኝም፣ እንዲያውም ጠቀመኝ። ጋሼ እንዳሉት ጻፍኩት፣ ቅጽል አውጥቼ፦

"እንደምን አደራችሁ። ስሜ እንትና እንትና ነው። በ2016 ዓ.ም በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ አዳማ የአክስቴን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ማታ ማታ የካሽ ሬጂስተሩን ዜድ ሪፖርት አውጥቼ ካዝና ውስጥ ካለው ብርና በቴሌብር ከገባው ጋር አስታርቃለሁ፣ በየወሩ የቫት ማሳወቂያውን አዘጋጃለሁ። ስጀምር ዱቤው በደብተር ነበር የሚያዘው፤ አንዳንዱን ያለደረሰኝ ስለምንሸጥ ማን ስንት ወር እንደቆየበት አይታወቅም ነበር። በቀን ለይቼ ዝርዝር ሠራሁለትና በየሳምንቱ መደወል ጀመርኩ። ከ61 ሺህ ብር ዱቤ ውስጥ በአምስት ወር 48 ሺው ተመለሰ። ባንክ መግባት የምፈልገው ብድር ክትትል ላይ መሥራት ስለምፈልግ ነው።"

ቡና_ጠጡ · ማክሰኞ ማታ 2:41

ይሄ ያው ልጅ ነው? "ምንም አልሠራሁም" ያለው?

ጋሽ_ወንበር · ማክሰኞ ማታ 3:00

ልጄ! "ያለደረሰኝ ስለምንሸጥ" የሚለውን አሁኑኑ አጥፋው። አክስትህን ልታሳስር ነው እንዴ? ባንክ ቁጭ ብለህ! ያንንም መንጠቆ ነው ብዬሃለሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ እሱ ይሆናል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ለአክስትህም ንገራት፣ ደረሰኝ ትቁረጥ።

የቀረው ቆንጆ ነው። የዱቤው ነገር ወርቅ ነው። ዱቤ ማስመለስና ብድር መከታተል አንድ ሥራ እኮ ነው፣ ያንተ ሱቅ ትንሽ ስለሆነ እንጂ። ጂፒኤህን ስላላነሣኸው አትጨነቅ፣ ወረቀቱ ላይ አለ። 61 እና 48 ስትል ግን ሦስተኛው ፈታኝ ሒሳብ ይወዳል፣ "13 ሺው የት ሄደ?" ይልሃል። መልሱን ይዘህ ግባ።

ዜሮ_ዓመት · ማክሰኞ ማታ 3:04

አንዱ ከተማ ለቆ ጠፋ፣ ሁለቱ በየወሩ እየከፈሉ ነው።

ጋሽ_ወንበር · ማክሰኞ ማታ 3:05

በቃ እሱን በላቸው። ልክ እንደዚህ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ለአንድ ሰው ጮክ ብለህ ንገረው። በልብህ አይደለም፣ በአፍህ። ለአክስትህ ንገራት። ሰዓት ያዝ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ካለፈ ቁረጥ። ደግሞ ዛሬ ማታ አዲስ ነገር እንዳትጨምርበት።

ዜሮ_ዓመት · ረቡዕ ማታ 2:15

ለአክስቴ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና "ይሄን ሁሉ የምትሠራው አንተ ነህ እንዴ?" አለች። ከዚያ ከረባት ገዛችልኝ። የኪሴን ከፍ ስለማድረግ ግን ምንም አላለችም።

የአንዲት_እናት · ረቡዕ ማታ 2:30

እግዚአብሔር ይርዳህ ወንድሜ። ነገ እንደወጣህ ጻፍልን።

ዜሮ_ዓመት · ሐሙስ ከሰዓት 9:20

ወጣሁ። አዲስ አበባ ነኝ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

አምስት ነበሩ። ጋሼ እንዳሉት አንዱ ለምን እንደመጣ አይታወቅም፣ ስልኩን ሲነካካ ነበር። "ራስህን አስተዋውቀን" አሉኝ፣ በአማርኛ። ጀመርኩ። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ዜድ ሪፖርት ጋ ስደርስ ተስተካከለ። ዱቤው ጋ ስደርስ መሐል ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ቀና አሉ። አላስጨረሱኝም፣ "ቆይ፣ ስትደውልላቸው ምን ትላቸው ነበር?" አሉኝ። እኔ ስለዱቤው ሳወራ ስልክ የሚነካካው ሰውዬ ሳይቀር ስልኩን አስቀመጠ። 13 ሺውን የጠየቀኝ እሱ ነው!! ሦስተኛው አይደለም ጋሼ፣ አምስተኛው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ጋሼ አዲስ ነገር አትጨምር ብለውኝ ነበር። አውቶቡስ ላይ እየመጣሁ "ኤክሴል በጣም ጥሩ እችላለሁ" የሚል ጨመርኩ። ባዶ መሰለኛ፣ ምን ላድርግ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ወጣት ልጅ ያችን ብቻ ነው የሰማው። "ፒቮት ቴብል ተጠቅመህ ታውቃለህ?" አለኝ።

ቡና_ጠጡ · ሐሙስ 9:24

ወይኔ።

ጋሽ_ወንበር · ሐሙስ 9:31

ታዲያ ምን አልከው?

ዜሮ_ዓመት · ሐሙስ 9:40

አዎ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። "አልተጠቀምኩበትም፣ የዱቤውን ዝርዝር የሠራሁት በፊልተርና በድምር ብቻ ነው፣ ግን ዛሬ ማታ ቤት ገብቼ እማረዋለሁ" አልኩ። ሴትዮዋ "መብራት ካለ" አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስለ ባንክ ሪኮንስሌሽን ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝና "እንደውልልሃለን" ብለው ሸኙኝ።

ሰው_አለህ · ሐሙስ 9:44

እንደውልልሃለን 🙂 እንኳን ደህና መጣህ ወደ ማኅበራችን።

ጋሽ_ወንበር · ሐሙስ 9:52

አላስጨረሱህም ማለት ጥሩ ነው። እኛ የምናስጨርሰው የሰለቸንን ሰው ነው። ኤክሴሏን ያለ ምክንያት ጨመርካት እንጂ መልስህ ደህና ነው፤ የማያውቀውን አላውቅም ያለ ልጅ ነጥብ አይጎድልበትም፣ ቢያንስ እኔ ጋ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ሐሙስ ማታ 3:10

"እኔ" አልክ ወይስ "እኛ"?

ዜሮ_ዓመት · ሐሙስ ማታ 3:18

አንድ ጊዜ "እኛ" አመለጠኝ። ወዲያው "እኔ ማለቴ ነው" ብዬ አስተካከልኩ። 😅

ጅማ_በር · ሐሙስ ማታ 3:25

ፒቮት ቴብሉን ተማርክ ታዲያ?

ዜሮ_ዓመት · ሐሙስ ማታ 3:26

መብራት የለም።